ግማሹ ቤታችን በጋሪ ሲዞር የዋለ ዕለት

በ2016 ዓ.ም. ሰባ ስድስት ዓመቴ ነበር። መታወቂያዬ ሰባ ሁለት ይላል፤ መታወቂያውን የሞላው ሰው ስወለድ አልነበረም። እናቴ ግን ነበረች፣ ስለዚህ የማምነው እሷን ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ፈረሴን አስሬ ከገባሁ በኋላ እያንቀላፋሁ ስለሆነ ጽሑፌ ይንጋደዳል። ቢንጋደድም የምለውን አውቃለሁ። ያልገባው ቀስ ብሎ ያንብብ።

አዳማም በሏት ናዝሬት፣ እኔ ያረጀሁት መንገዷ ላይ ጋሪ ስነዳ ነው። ሚስቴ ገበያ ላይ ቲማቲም ትቸረችር ነበር። ልጅ አልሰጠንም። የተከራየነው ቤት ባለቤት አፍርሼ ፎቅ ልሠራ ነው ብሎ ሲያስወጣን፣ በዚያ ዕድሜያችን ዕቃ ተሸክሞ ቤት ፍለጋ መዞር አቃተን። እኔ የሰፈራችን እድሮች ተሰባስበው ያቋቋሙት የአረጋውያን መጦሪያ ገባሁ። ለእሷ ቦታ አልተገኘም። መጦሪያው ያለው ሁለት ክፍል ነው፣ አንዱ የወንድ፣ አንዱ የሴት፤ የሴቶቹ ክፍል በሩ ራሱ በስንት መከራ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ ዓለም ጤና ከተማ፣ የወንድሟ ልጅ ዘንድ ሄደች። ሽንኩርት የሚያለሙ ሰዎች ናቸው፣ ደህና ሰዎች ናቸው፣ ግን ሚስቴ የእኔ ሚስት ናት እንጂ የሽንኩርት ጠባቂ አይደለችም።

የሄደች ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ግፊያውን ታውቁታላችሁ። መኪናው ገና ሳይቆም ሰው በመስኮት ጃኬቱን ወይ ሻሹን ወደ ውስጥ ይወረውራል፤ ልብሱ ያረፈበት ወንበር የእሱ ነው፣ ማንም አይነካበትም። እኔም ባርኔጣዬን ወረወርኩላት። መስኮት ዳር ደህና ቦታ አገኘች። ሚኒባሱ ሲነሳ ባየው ባርኔጣዬ ጭኗ ላይ ነው።

«ባርኔጣዬን!» ብዬ ጮህኩ።

«መጥተህ ስትወስደኝ ትወስደዋለህ!» ብላኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የናዝሬት ፀሐይ መላጣዬን ባቃጠለ ቁጥር እሷን አስታውሳለሁ። ፀሐዩ ደግሞ የማያቃጥልበት ቀን የለም።

መጦሪያውን የምትመራው ነርስ ናት፣ ሲስተር እንላታለን። ዕድሜዋ የልጅ ነው፣ ክርክሯ የጠበቃ። ከጓሯችን ባለው ባዶ መሬት ላይ ተጨማሪ ቤት እንዲሠራልን፣ ወጪውም ከከተማው በጀት እንዲሆን ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ ከረመች። አንድ ቀን ጠራችኝና «አባባ፣ ይሄ ነገር ከተሳካ ለባልና ሚስት የሚሆኑ ክፍሎች አሉበት። መጀመሪያ የሚገቡት እርስዎና ባለቤትዎ ናችሁ» አለችኝ። ነገሩን ባትነግረኝ ይሻላት ነበር። ጠዋት «መቼ ነው?» እላታለሁ፣ ከሰዓት «ታዲያ መቼ ነው?» እላታለሁ። በኋላ በኋላ እኔን ስታይ በኩሽና በኩል መዞር ጀመረች።

በመጨረሻ የከተማው ሰዎች መጥተው አይተው ይወስናሉ ተባለ። የሚያዩት አንድ ነገር ነው፤ እውነት ጠቧቸዋል ወይስ አልጠበባቸውም? ጠቧቸዋል ካሉ ቤቱ ይሠራል፣ ሚስቴ ትመጣለች። አልጠበባቸውም ካሉ በጀቱ ሌላ ጋ ይሄዳል፣ እኔም መላጣዬን ይዤ እቀራለሁ።

ጥበቱን እንግዲህ ልንገራችሁ። በወንዶቹ ክፍል አልጋዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ዙሪያውን ቆመዋል። አልጋ ያልደረሰን መሐሉን በፍራሽ ሞልተን እንተኛለን። ፍራሽ ከፍራሽ ተገጥሞ ወለሉ አይታይም። ሽንት የያዘው ሰው ሲነሳ «ጉልበት!» ብሎ ይጣራል። ያን ጊዜ ሁላችንም እንደተኛን ጉልበታችንን ሰብሰብ እናደርግለታለን፣ መንገድ ይከፈታል፣ ያልፋል። ሲመለስ እንደገና «ጉልበት!» ነው። ለምደነው አንዳንዱ እያንኮራፋ ያጥፋል።

ሲስተር ሰዎቹ ሊመጡ ሲሉ ሁላችንን ሰብስባ «ምንም እንዳትነኩ። ኑሯችሁን እንዳለ ይዩት» ብላ አስጠነቀቀችን። እሺ አልን። በዕለቱ ጠዋት ግን አንዲት እናታችን ትንፋሽ አጠራት፣ ሲስተር ይዛት ሆስፒታል ሄደች። እሷ ከበሩ ስትወጣ አምሳ አለቃው ከወንበሩ ተነሳ።

አምሳ አለቃ የምንለው የድሮ ወታደር ነው። ጡረታ ከወጣ ዘመናት አልፈዋል፣ ማዘዝ ግን አልተወም። ግቢው መሐል ቆሞ፣ «እንግዳ ሊመጣ ነው! እንዲህ ተዝረክርከን ነው የምንቀበለው?» አለ።

«ሲስተር አትንኩ ብላለች» አልኩ።

«ሲስተር ልጅ ናት! ትልልቅ ሰዎች ቤታችን ሲመጡ በፍራሽ ላይ ልናራምዳቸው ነው? ለማኝ ነን እንዴ?»

ሐጂውም ደገፈው። ሐጂ ከባቱ የመጣ፣ ዕድሜውን በዓሣ ንግድ የጨረሰ፣ ከእኔ ቀጥሎ ያለ ፍራሽ ላይ የሚተኛ ወዳጄ ነው። «እውነቱን ነው» አለ። «እንግዳ እኮ ነው። ነውር ነው ወንድሜ።»

«ንጹሕ ቤት ካዩ ምን ጎደላቸው ብለው ይሄዳሉ! ሚስቴስ?»

«ሚስትህን የሚያመጣት የፍራሽ ክምር ነው?»

«አዎ!»

ማን ይስማኝ! ነገሩ እንደ ሰርግ ዝግጅት ተቀጣጠለ። ከእድር ወንበርና ድንኳን መጣ። ሴቶቹ ከጎረቤት የሙሽራ ቤት መጋረጃ ተዋሱ። ማዕዱ ላይ የተቆረጠ ሐብሐብ፣ ድፎ ዳቦና ለስላሳ ተደረደረ። የወለሉን ፍራሾች ደግሞ የት እናድርጋቸው ሲሉ፣ ውኃ በጠፋ ጊዜ በጄሪካን የሚያመጣልን ባለጋሪ በር ላይ ደረሰ። አምሳ አለቃው በደስታ ሰላምታ ሊሰጠው ምንም አልቀረው። ፍራሾቹ በጋሪው ይጫኑ፣ ጋሪው እንግዶቹ እስኪሄዱ ከተማ ሲዞር ይዋል፣ አለ።

እዚህ ላይ ስለ ፈረሱ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ፈረሱን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ሥራ ስተው ለዚህ ባለጋሪ ሸጥኩለት። ሴቶቻችን ምሳ ሰዓት ላይ የተረፈ ዳቦና የፓፓያ ልጣጭ ስላስለመዱት፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ የትም ይሁን የት ወደ እኛ በር ነው የሚጎትተው። ባለጋሪው ልጓሙን ካልያዘው አይመለስም።

እኔ ፍራሼ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ተነሳ፣ ይጫናል» አለኝ አምሳ አለቃው።

«አልነሳም።»

«እንግዲያ ከነፍራሽህ ትጫናለህ!»

«ከነፍራሼ ጫነኝ!»

እኔ ያልኩት ለነገር ነው። ወታደር ግን የተባለውን ያደርጋል። ባለጋሪውንና የግቢያችንን ዘበኛ ጠርቶ የፍራሹን ጫፍ ጫፍ አስያዘና እንደ ቃሬዛ አነሱኝ። ጋሪው ላይ ካለው የፍራሽ ክምር አናት ላይ አስቀመጡኝ። ሐጂ ከታች ሆኖ ሆዱን ይዞ ይስቃል። በኦሮምኛ «ነጋያ!» ብሎ ይመርቀኛል፣ «በሰላም ግባ! ዓለም ጤና ስትደርስ ሰላም በልልን!» ይለኛል።

ተቆጥቼ ነበር የወጣሁት። እውነቱን ልናገርና ንዴቱ ከሁለተኛው መታጠፊያ አላለፈም። ዕድሜ ልኬን ከጋሪ ፊት ተቀምጬ ነድቻለሁ፣ እንዲህ ከፍ ብዬ፣ ተመቻችቼ፣ ትራስ ተደግፌ ግን ከተማውን አይቼው አላውቅም። ነፋሱ ነጠላ አንሶላችንን እንደ ባንዲራ ያውለበልበዋል። የባጃጅ ሾፌሮች ጥሩንባ እየነፉ ከጎኔ ይነዳሉ።

«ፋዘር! አልጋ ይዘው ነው እንዴ የሚንቀሳቀሱት?»

«ሆቴል ተወዶብኝ ነው!» እላለሁ።

«አንድ ሰው ይጨምራሉ?»

«ጉልበት ማጠፍ ከቻልክ ውጣ!»

አንዲት ብርቱካን ሻጭ ታምሜ ሆስፒታል የሚወስዱኝ መስሏት «እግዜር ይማርዎት አባቴ» ብላ አንድ ብርቱካን ወረወረችልኝ። ተቀበልኩና አመስግኜ ላጥኩ። ባለጋሪው እየሳቀ መንዳት አቃተው።

እኔ ስዞር ግቢው ውስጥ የሆነውን ሐጂ ነው በኋላ የነገረኝ። እንግዶቹ መጡ። መሪያቸው መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ወይዘሮ ናት። ከእሷ ጋር ጫማው የሚያብረቀርቅ ወፈር ያለ ሰውዬ አለ። የወንዶቹን ክፍል አሳዩዋቸው። አልጋው ተነጥፏል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል፣ ወለሉ ታጥቦ ያበራል፣ ፈረስ ቢያስጋልቡበት ይበቃል። ወይዘሮዋ ግቢ ውስጥ የተቀመጠውን ሽማግሌ ሁሉ አይታ «ሁላችሁም እዚሁ ናችሁ የምትኖሩት?» ብላ ጠየቀች። አምሳ አለቃው «አይ፣ ግማሾቹ የእድር ሰዎች ናቸው፣ ለክብርዎ የመጡ» አለላችሁ። ሐጂ በቁሙ የእድር ሰው ሆኖ ቀረ። ወፍራሙ ሰውዬ ሐብሐቡን እየበላ «እንዲህ ያማረ መጦሪያ አላየሁም» አለ። አምሳ አለቃው በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። ሐጂ ነገሩ የገባው ገና ያን ጊዜ ነው። «ያ ወንድሜ ልክ ነበር። አበቃለት፣ ሚስቱ ቀረች» ብሎ ራሱን ያዘ።

እኛ ደግሞ ሩቅ አልነበርንም። ባለጋሪው ለአንድ አፍታ የስልክ ካርድ ልግዛ ብሎ ወረደ። ሱቁ በራፍ ላይ ወሬ ያዘ። ምሳ ሰዓት ደርሷል። ፈረሱ ጆሮውን አቆመ፣ ወደ ኋላ አየኝ፣ ከዚያ በራሱ ሥልጣን ተነቃነቀ።

ልጓሙ እጄ አጠገብ ነበር። ዕድሜ ልኬን የያዝኩት ልጓም ነው፣ አንዴ ሳብ ባደርገው ይቆማል። አልሳብኩትም። ብርቱካኔን መብላት ቀጠልኩ።

ባለጋሪው «አባባ! ያዙት! ያዙት እንጂ!» እያለ ከኋላ ይሮጣል። ፈረሱ ሩጫውን ጨመረ። የመጦሪያው በር ለእንግዶቹ ሲባል ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልክ ወይዘሮዋ ከድንኳኑ ሥር ቆማ «እንግዲህ እንዳየነው እዚህ ብዙም ችግር የለም፤ ይበልጥ የተቸገሩ ስላሉ...» ስትል እኔና ፍራሾቹ ገባን። ፈረሱ በሰው መሐል ቀጥ ብሎ ሄዶ ከማዕዱ ላይ ድፎ ዳቦውን አነሳ።

የፈረሱ ማኘክ ብቻ ይሰማል።

ወይዘሮዋ ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ፣ ምንድነው ይሄ?»

አምሳ አለቃው ቀደመኝ። «ፍራሽ ሻጭ ነው! መንገድ ተሳስቶ ነው! ውጣ አንተ ሰውዬ!»

«እ» አለች ወይዘሮዋ፣ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ መጣ። «ስንት ነው የሚሸጡት፣ አባባ?»

«አይሸጥም» አልኩ። «ይሄ የቤታችን ግማሹ ነው። እናንተ እስክትሄዱ ከተማ ሲዞር ቆይቶ፣ ምሳ ሰዓት ስለደረሰ ገባ።»

መጀመሪያ የሳቀው ሐጂ ነው። ቀጥሎ ሴቶቹ። ከዚያ ግቢው ሁሉ ፈነዳ። አምሳ አለቃው ብቻ ተጠንቀቅ እንዳለ ደርቆ ቆሟል፣ ጆሮው ግን ቀልቷል።

«እነዚህ የእድር ሰዎች የተባሉትስ?» አለች ወይዘሮዋ።

«እኔ የእድር ሰው አይደለሁም» አለ ሐጂ እንባውን እየጠረገ። «እኔ ከጋሪው ላይ ሦስተኛው ፍራሽ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ደበቃችሁን?»

አምሳ አለቃው ያኔ ተናገረ። ድምፁ ቀነሰ። «ልጄ፣ እንግዳ ናችሁ። የተመሰቃቀለ ቤት ማሳየት አፈርን።»

የወይዘሮዋም እናት እንደዚያው የምታደርግ መሰለኝ። መነጽሯን አውልቃ ጠራረገችና «በሉ እንግዲህ፣ እንደምትተኙ አድርጋችሁ አሳዩን» አለች።

ፍራሹ ከጋሪ ሲወርድ ለመጫን ከፈጀው ጊዜ እሩቡን አልፈጀም። እያንዳንዱ የየራሱን ፈልጎ በየቦታው አነጠፈ። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ ለእንግዳ ብለን የለበስነውን ኮትና ጋቢ እንደለበስን፣ ሁላችንም ገብተን ተኛን። አንዱ «ጫማ አውልቁ እንጂ!» ይላል፣ አንዱ «ክርንህን!» ይላል። ሐጂ እንደ ልማዱ ማንኮራፋት ጀመረ፤ ነቅቶ ነው የሚያንኮራፋው፣ ነገሩ ሙሉ እንዲሆን ብሎ።

ጫማው የሚያብረቀርቀው ሰውዬ ውስጡን ልይ ብሎ በአልጋዎቹ ሥር ሥር ሲሄድ፣ እኛ ስንተኛ መሐል ቤት ተከቦ ቀረ። ዙሪያውን ያያል፣ እግሩን የሚያኖርበት ቦታ የለም።

«በየት ልውጣ?» አለ።

«እኛ እንደምንወጣው» አልኩት። «ጉልበት በል።»

«ምን?»

«ጉልበት! ጮክ ብለህ!»

«ጉልበት» አለ ቀስ ብሎ፣ አፍሮ።

«አልሰማንም!» አለ አምሳ አለቃው። እሱም ከአልጋው ወርዶ ወለሉ ላይ ተኝቶ ኖሯል፣ መቼም ወታደር ከጦሩ አይለይም።

«ጉልበት!» ብሎ ሰውዬው ጮኸ። ሁላችንም በአንድ ጊዜ እጥፍ! ሰውዬው አንድ እግሩን አንስቶ እየተንገዳገደ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ በሐጂ ላይ ዘለለ፣ በእኔ ላይ ዘለለ። በሩ ጋ ሲደርስ ሴቶቹ እልል አሉለት። እሱም ደስ ብሎት ኖሮ ዞሮ «ልመለስ?» አለ። ወይዘሮዋ መቃኑን ተደግፋ ትስቃለች፣ ሳቋ ቆመ ሲባል እንደገና ይነሳባታል።

ሲስተር ከሆስፒታል የደረሰችው እዚህ ላይ ነው። ፈረስ ማዕድ ላይ፣ ባለሥልጣን በሽማግሌ ላይ ሲዘል አየች። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ምን ሠራችሁ?» አለች። ማን ይመልስ! ተኝተናል።

ወይዘሮዋ ስትወጣ አጠገቤ ጎንበስ አለች። «አባባ፣ እንግዲህ ቤቱን አየሁት። እርስዎን ግን ልጠይቅ፣ ምን ጎድሎዎታል?»

«ሚስቴ» አልኩ።

«አቤት?»

«ሚስቴ ጎድላለች። ዓለም ጤና ሽንኩርት መሐል ተቀምጣለች። ቦታ የለም ተብሎ ነው። አዲስ ቤት ከሠራችሁ ትመጣለች፣ ካልሠራችሁ አትመጣም። ሌላው ሌላው ለእኔ ትርፍ ነው።»

መሳቋን ተወች። «እኔ ብቻዬን አልወስንም፣ አባቴ» አለችኝ። «ያየሁትን ግን እናገራለሁ።»

ከዚያ በኋላ መጠበቅ መጣ። ስለ መጠበቁ አልጽፍም፣ ሲስተርን ጠይቋት። ከኩሽናም አልፋ በአጥር በኩል መዞር ጀምራ ነበር።

ዝናብ ሊገባ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ሲስተር ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከቢሮዋ ወጣች። «እሺ... እሺ... አመሰግናለሁ...» ትላለች፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ዘጋችና «አባባ» ብላ ተጣራች። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ፣ «በጀቱ ጸደቀ! ይሠራል! የባልና ሚስቱ ክፍልም አለበት!» አለች።

አምሳ አለቃው ምርኩዙን እንደ ጠመንጃ ወድሮ ፎከረ። ሐጂ በሁለት እጁ አቅፎኝ ከመሬት ሊያነሳኝ ሞከረ፣ እሱ ራሱ ወንበር ላይ ወደቀ፣ እኔም እላዩ ላይ። ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት ፈረሱ ከመንገድ ማዶ ምሳ መስሎት መጣ።

በሲስተር ስልክ ሚስቴ ጋ ደወልኩ።

«ቤት ተሰጠን!» አልኳት።

«የት አለ?»

«ገና ነው። ይሠራል።»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል? ጆሮዬን አደነቆርከው።»

«መሬቱ አለ!»

«መሬት ዓለም ጤናም አለ» አለች። ከዚያ «መስኮት አለው?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ነው እንደምትመጣ ያወቅኩት።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወጣሁ። ሞጆ ላይ ወርጄ፣ ከደረቅ ወደቡ የሚወጡትን የጭነት መኪናዎች አሳልፌ፣ ሌላ ሚኒባስ ያዝኩ። ዓለም ጤና ስደርስ ሚስቴ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች። ባርኔጣዬን ራሷ ላይ ደፍታዋለች።

«አየሁት ልበል እንጂ ለመግባት አይደለም የምመጣው» አለች።

«ማን ግቢ አለሽ?»

ይዣት መጣሁ። ቀጥታ ወደ ጓሮው፣ ወደ ባዶው መሬት ወሰድኳት። ባርኔጣዬን ከራሷ ላይ አንስቼ ፀሐይ ከምትገባበት ማዕዘን ላይ አስቀመጥኩት።

«ቦታ ተይዟል» አልኩ።

«እዚህ ጋ ነፋስ ይመታናል» ብላ አንስታ ወዲያ ማዶ አደረገችው።

«እዚያ ጥላ ነው» ብዬ መለስኩት። በመሐሉ የናዝሬት ነፋስ ሁለታችንንም ገላገለን። ባርኔጣውን አንስቶ ይዞት ሄደ። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ሐጂ ከአጥር ላይ «በቀኝ! በቀኝ በኩል!» እያለ እየጮኸ ሮጥን። ደረሰችበት። ቆማ አለከለከች፣ ሳቀች፣ ዙሪያውን አየችና «እዚሁ ይሁን» ብላ ድንጋይ ጫነችበት።

እኔም ሌላ ድንጋይ አምጥቼ ጨመርኩበት።